የኤርሚያስ ዓሦችና የታደለች ስም

ይህን ታሪክ ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ለንስሐ አባቴ ዓርብ ቀን ረስቼ እንቁላል መቅመሴን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ጎረቤት ማማቴን፣ እኅቴን ዓመት ሙሉ ማኩረፌን ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ምላሴ ላይ እየደረሰ መልሼ እውጠዋለሁ። ቁጣቸውን ፈርቼ አይደለም። «ሂጂና እሷኑ ይቅርታ ጠይቂ» እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው። እናንተ የትም ልትልኩኝ አትችሉም፤ ለእናንተ የምናገረውም ለዚሁ ነው። ከጅምሩ ፈሪ መሆኔን እወቁልኝ።

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። እዚያ የምጠበቀው እንድጠረጥር ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውና መደርደሪያው ላይ ያለው አንድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ንብረት ክፍል ውስጥ ሁለት ወር አይቆይም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ስደግመው ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከብኩ፤ ጥርጣሬዬን ግን የሚረከበኝ አልነበረምና ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይዤው ገባሁ።

ኤርሚያስ ፊት ለፊቴ ያለውን ቤት ተከራይቶ የገባው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አርባ ያልሞላው የአርባ ምንጭ ሰው፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ፣ ኮቴው እንኳ የማይሰማ። «እትዬ» ይለኛል። አስቤዛ ይዤ ደረጃ ላይ ካገኘኝ ተቀብሎኝ በሬ ድረስ ያደርስልኛል። ይኸው ራሱ አስጠረጠረኝ። በዚህ ዘመን ማን ነው ያለ ምክንያት የሰው ዕቃ የሚሸከም? እድር አልገባም። እንግዳ አይመጣለትም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አይቼው አላውቅም፤ ጸሎት ቤትም ሲሄድ አላየሁትም፤ ያ ደግሞ ይባስ መሰለኝ።

ከሁሉም በላይ ዓሦቹ ነበሩ። ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ አምስት ብርቱካናማና አንዲት ጥቁር ዓሣ ያኖራል። ምሽት ላይ በሩን ገርበብ ሲያደርገው የገንዳው ሰማያዊ ብርሃን ኮሪደራችን ላይ ይወርዳል። እኔ ዓሣ የማውቀው በሳህን ነው፤ ሳሎን ተቀምጦ ሰው የሚያይ ዓሣ አላውቅም። ጥቁሯ ደግሞ ዓይኖቿ ወደ ውጭ የፈጠጡ ናቸው። ኤርሚያስ አመሻሽ ላይ ሲያናግራት እሰማዋለሁ። «እሜቴ፣ ነይ እስቲ። ዞር በይ፣ ይታይሽ» ይላታል። እኔ ባደግሁበት አገር እሜቴ ተብላ የምትለመን ሌላ መንፈስ ነበረች፤ ስሟን አልጠራም። በዚያ ላይ የሚጨምርላቸውን ውሃ በባልዲ ቀድቶ በረንዳው ላይ ያሳድረዋል። ንጹሕ ውሃ ከቧንቧ እየወረደ ለምን ያሳድራል? ማንን ጠይቄ ልወቅ? እሱን እንዳልጠይቀው መጠርጠሬን ያውቃል። ስለዚህ ዝም ብዬ መጠርጠሬን ቀጠልኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን በሬን አንኳኳ። እናቱ ታመው ወደ አርባ ምንጭ ሊሄድ ነው፤ ከሳምንት በላይ ይቆያል።

«እትዬ፣ ከእርስዎ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም» አለኝና ቁልፉን ሰጠኝ። «በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት ቁንጥር ብቻ። ውሃ ግን እንዳይጨምሩባቸው፤ የቧንቧ ውሃ ሳያድር አይስማማቸውም። ቅዳሜ ታደለች ለጽዳት ስትመጣ ይክፈቱላት።»

እሺ አልኩት። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ቤቱን ማየት ስለፈለግሁ ነው።

ታደለች ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ከወላይታ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ የምታስተምር ተመላላሽ ሠራተኛ ነበረች። በእኛ ብሎክ የኤርሚያስንም የእኔንም ጨምሮ አራት ቤት ታጸዳለች፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ጴንጤ ናት፤ ልብስ ስታጥብ መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ እኔ ቤት ስትሆን ግን ለእኔ ብላ ድምፅዋን ትቀንሳለች። ባለቤቱ በሌለበት የሰው ቤት የምትገባ ሴት ከስሟ ሌላ ምን ዋስ አላት? የእሷ ስም ደግሞ ያማረ ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሳላውቅ አላደረግሁትም።

ኤርሚያስ እሑድ ሄደ። ሰኞ ገብቼ ዓሦቹን መገብኩና ቤቱን መረመርኩ። መረመርኩ ነው የምላችሁ፤ እንደ ድሮው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። አልጋው ሥር አየሁ። መጽሐፍ፣ የንድፍ ወረቀት፣ የደም ግፊት ኪኒን፣ በሥርዓት የታጠፈ ልብስ። ምንም የሚያስጠረጥር ነገር አላገኘሁም። የሰው ቤት እንዴት ምንም አይገኝበትም? ብዬ ከፊተኛው የባሰ ጠረጠርኩ። ጥቁሯ ዓሣ ወደዞርኩበት እየዞረች ስታየኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ምግብ ፈልጋ ነው።

ረቡዕ ልጄ ማርታ ደወለች። መካኒሳ አቦ አካባቢ ተከራይታ የምትኖር አንዲት ልጅ አለችኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ የሠርጉ ወር ተቆርጦ ነበር። ቀለበቱን መልሻለሁ አለችኝ። አለቀሰች እንጂ ምክንያቱን አልነገረችኝም። ስልኩን ስዘጋ ዓይኔ የኤርሚያስ በር ላይ አረፈ። እሱ ከገባ ወዲህ ጉልበቴ ታመመ። እሱ ከገባ ወዲህ ከእኅቴ ጋር ተኳረፍኩ። አሁን ደግሞ ልጄ። አንዱን ከአንዱ ስገጣጥም አደርኩ። የሚገርመው ሁሉም ገጠመልኝ፤ የፈለጉትን ነገር መገጣጠም እንዴት ቀላል ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው ያደረግሁት። ከገዳም ያመጡልኝ ጠበል በባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ነበረኝ፤ አብሮት የሚሰጠው የተቀደሰው አመድ፣ እመቱም፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ነበረኝ። ለጉልበቴ ነበር የመጣልኝ። ይዤው የኤርሚያስ ቤት ገባሁ። የገንዳውን ውሃ በጆግ እየቀዳሁ ከግማሽ በላዩን ደፋሁ። ጠበሉን ጨመርኩ። አልሞላ ሲለኝ ከቧንቧ ቀድቼ ሞላሁት። ከዚያ በስመ አብ ብዬ እመቱን በእፍኜ በተንኩበት። ውሃው ግራጫ ሆነ። ዓሦቹ ወዲያና ወዲህ መራወጥ ጀመሩ፤ እኔ ደግሞ አየሽ፣ ለቀቃቸው፣ ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጠበሉን እንዳትከስሱብኝ። ለዚያ አልተሰጠኝም። ጠበል በእምነት ነው የሚፈሰው፤ እኔ በጥርጣሬ አፈሰስኩት። አታድርጊ የተባልኩትን ውሃ የጨመርኩ እኔ ነኝ፤ አመድ በውሃ ውስጥ ለሚተነፍስ ፍጥረት ምን እንደሆነ ሳላስብ የበተንኩ እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት አምስቱ ብርቱካናማዎች ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ጥቁሯ ገና አልሞተችም፤ በጎኗ ዘንበል ብላ ጥግ ላይ አፏን ትከፍትና ትዘጋለች። መንፈስ እንዲህ አይሞትም። እንዲህ የሚሞተው ምስኪን ነው። እዚያው ቆሜ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ፤ አልገባኝም ነበር የምል ብሆን ኃጢአቴ በቀለለ። የዓሦቹን ሬሳ እንዳለ ትቼ ውሃውን ደፋሁና ሌላ ቀየርኩ፤ ከሥሩ ባለው ጠጠር መሐል የገባውን አመድ ግን ማውጣት አልቻልኩም። እስክጨርስ ጥቁሯም ሞተች። በሩን ቆልፌ ቤቴ ገባሁና ነገ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አለኝ። የታደለች ቀን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ታደለች እንደ ልማዷ ባልዲዋንና በረኪናዋን ይዛ መጣች። እኔ ቤት ስታጸዳ ሁልጊዜ ከአጠገቧ አልለይም ነበር፤ ስለማላምናት ሳይሆን ማንንም ስለማላምን። የዚያን ዕለት ግን ጉልበቴን አሞኛል ብዬ በሩን ከፈትኩላትና ብቻዋን አስገባኋት። ቤቴ ተቀምጬ ጠበቅሁ። በረኪናው ሸተተኝ። የገንዳው መብራት ጠፍቶ ስለነበር መጀመሪያ አላየቻቸውም፤ ወለሉን ከወለወለች በኋላ ነው እየሮጠች የመጣችው።

«እትዬ፣ ኧረ ይምጡ፣ ዓሦቹ ሞተዋል» አለችኝ።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዓሦቹን ገድዬ፣ አንድ ሌሊት አሳድሬ፣ አዘጋጅቼ፣ ምን አደረግሽ ብዬ የጠየቅሁ እኔ ነኝ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ያላደረገችውን ነገር አድርጌ ይሆን ብላ እጇን አየች። ንጹሕ ሰው እንዲህ ነው፤ ሲጠይቁት መጀመሪያ ራሱን ይመረምራል። እኔ ግን ሌላ ሰው እመረምራለሁ።

ኤርሚያስ በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ተመለሰ። ታደለችን ጠራት፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ወለሉን ብቻ ነው የወለወልኩት። ገንዳውን አልነካሁትም» አለችው።

«በበረኪና ነው?»

«አዎ። ሁልጊዜም በሱ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ዓርብ ሲያዩአቸው ደህና ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ» አልኩ።

ሁለት ቃል ናት። ስትናገሯት ትንፋሽ እንኳ አትጨርስም። ኤርሚያስ አልጮኸባትም፤ አላወቅሽም እንጂ ሆን ብለሽ አይደለም ብሎ አጽናናት። ከዚያ ግን ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ነገራት።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ በሩ ክፍት ነበር። ባዶው ገንዳ ፊት ተቀምጦ ስልክ በእጁ ይዟል። ከስልኩ ውስጥ የሕፃን ልጅ ድምፅ «እሜቴስ? እሜቴን አሳየኝ» ይላል። ሐዋሳ ከእናቷ ጋር የምትኖር የስድስት ዓመት ልጅ አለችው ለካ። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት። ያ ሁሉ ምሽት ከዓሣዋ ጋር ሲያወራ የመሰለኝ ለልጁ በስልክ ሲያሳያት ነው። በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ተነስቼ መሄድ እችል ነበር። አራት እርምጃ ነው። አልሄድኩም።

ወሬው ከእኔ በር አልፎ ደረጃውን ወረደ። ሁለተኛ ፎቅ ሰናይት የምትባል አራስ አለች፤ የሕፃኑን ጡጦ የምታጥብላት ታደለች ነበረች። «በረኪና ዓሣ ከገደለ ልጄን ምን ያደርግብኛል?» አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? ከንፈሬን መጠጥኩላት። ሰናይት አሰናበተቻት። አራተኛው ቤትም ተከተለ። እኔ ብቻ ብቀር ያስጠረጥርብኛልና እኔም አሰናበትኳት። ለሰው ጥርጣሬ ስል አንዲት እናት ከሥራ አስወጣሁ።

ሽርጧ እኔ ቤት ቀርቶ ነበርና ልትወስድ መጣች። እንድትቀመጥ አልጋበዝኳትም። ቆማ ሽርጡን እያጣጠፈች ተናገረች።

«እትዬ፣ ማክሰኞ ጋሼ ኤርሚያስ ገንዳውን እጠቢው ብሎኝ ሳጥብ ጠጠሩ መሐል አመድ አይቻለሁ።»

በሩን ገርበብ አደረግሁት።

«እመት መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚህም ቤት ሲቀቡት አያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ይህን ብናገር ጠበል ተሳደበች ነው የሚሉኝ እንጂ የሚያምነኝ የለም። እርስዎ ቢናገሩ ግን ያምኑዎታል። ተቀይሜ አይደለም እትዬ። ልጄን የማስተምረው በዚህ ሥራ ነው።»

አስተዋላችሁ? እኔን ላለማጋለጥ ዝም ብላለች፤ እምነቴንም ላለመንካት ዝም ብላለች። በደሌን አውቃ በክብር ልትለምነኝ መጣች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«የምን አመድ ነው የምታወሪው?» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ «እሺ እትዬ» አለችና ወጣች።

እዚህ ላይ ብቆም እንኳ በቂ በደል ነበር። አልቆምኩም። ሌሊቱን ትናገር ይሆን እያልኩ ስገላበጥ አድሬ በማግስቱ ሰናይት ቤት ወረድኩ። «ለመሆኑ ከቤትሽ የጎደለ ዕቃ የለም?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥያቄ ነው እንጂ ሌባ ናት አላልኩም፤ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይህንን ነው። ግን ሠላሳ ዓመት ንብረት ክፍል የሠራች ሴት «የጎደለ የለም?» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? ሰናይት አንድ የብር ማንኪያ አጣሁ አለች። እስከ ምሽት ታደለች በብሎኩ ሁሉ ሌባ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ብትናገርም የሚሰማት አልነበረም፤ እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የእሷን ስም በሕይወት እያለች የቀበርኩት እኔ ነኝ።

ከወራት በኋላ ማርታ ቀለበቱን የመለሰችበትን ምክንያት ነገረችኝ። እጮኛዋን ብቻውን ባገኘሁት ቁጥር ደመወዙንና የቀድሞ ፍቅረኛውን ስመረምረው ኖሬ ሰልችቶት ነው። «አንቺ የማትጠረጥሪው ሰው እስኪገኝ ልጠብቅ እንዴ እማዬ?» አለችኝ። ለዚህ ነበር ስድስት ዓሣ የገደልኩት። ለዚህ ነበር።

ኤርሚያስ አሁንም ፊት ለፊቴ ይኖራል። ገንዳውን አውጥቶ ሸጠው። «ጉልበትዎ እንዴት ነው እትዬ?» ባለኝ ቁጥር ያውቅ ይሆን? እላለሁ። ንስሐ አባቴ ዝም ብለው ሲያዩኝ ማን ነገራቸው? እላለሁ። ሰው ቤት ስገባ ወሬ ቢያቆሙ ስለ እኔ ነው። ሌባ እናት ልጇን አታምንም የሚባለው እውነት ነው። የብሎኩ ሰው ደግሞ ሠራተኛ ሲፈልግ እኔን ነው የሚያማክረው፤ እትዬ ሰው ታውቃለች ይሉኛል።

ባለፈው ወር ልጄን ልጠይቅ መካኒሳ አቦ ሄድኩ። ከታክሲ ስወርድ ታደለች መንገድ ዳር ጎመን ዘርግታ ተቀምጣለች። ልሸሽ አሰብኩ፤ ቀድማ አየችኝና ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«እትዬ፣ ደህና ነዎት? ጉልበትዎ ተሻለዎት?» አለችኝ። ስለ ልጇ ጠየቅኋት። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሰው ቤት ተቀጥራለች። «ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ያምኗታል» አለችኝ።

ሌላ ገዢ መጥቶ ጎመኑን ሲያገላብጥ እንኳ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። ምን እየጠበቀች እንደነበር አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው እንደኖረች አውቃለሁ።

«ጎመኑ ስንት ነው?» አልኳት።

ሁለት እስር አንስታ ዘንቢሌ ውስጥ ከተተችልኝ። ገንዘቡን እንቢ አለች። እኔም ተቀብዬ ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ከተፍኩት፣ ቀቀልኩት፣ በላሁት።

ይቅር በሉኝ ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን እናንተን አልበደልኩም፤ ይቅርታውም በእናንተ እጅ አይደለም። ዓሦቹን የገደልኩ እኔ ነኝ። ደህና ነበሩ ያልኩ እኔ ነኝ። የጎደለ የለም ወይ ብዬ የጠየቅሁ እኔ ነኝ። ታደለች አንዲት ማንኪያ አልወሰደችም፤ አንዲት ዓሣ አልነካችም። የምትቀመጠው መካኒሳ አቦ፣ ታክሲ የሚያወርድበት ቦታ ነው። ከቤቴ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። እስከ ዛሬ ተመልሼ አልሄድኩም።